ቀንበር በኮሪደር

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ላሊበላ ሄጄ ነበር። ያረፍኩበት ሆቴል ኮሪደሩ ግራና ቀኝ ጭቃ ተመርጎ፣ ቀንበር ተሰቅሎበት፣ ወለሉ ላይ የፍየል ቆዳ ተነጥፎ ጠበቀኝ። ሻንጣዬን የያዘው ልጅ ቆም ማለቴን አይቶ፣ «የተራራ አገር ቤት ስታይል ነው እማማ፤ ቱሪስቶች ሲያዩት ይሞታሉ» አለኝ። እኔም በሳቅ ልሞት ምንም አልቀረኝ። ይህ ስታይል ሰቆጣ ውስጥ በሃምሳዎቹ አጋማሽ እኛ ቤት ተጀምሮ እኛው ቤት እንዳበቃ ብነግረው አላመነኝም። እኔም ብሆን ያን ጊዜ ስታይል መሆኑን አላወቅሁም። ደኸየን ነበር ያልኩት።

ቤታችን ጣሊያን ሠርቶት የሄደ ባለ ቆርቆሮ ቤት ነው። ከውጭው በር እስከ ሳሎኑ የሚዘልቅ ረጅም፣ ጠባብ፣ በቀትር እንኳ ብርሃን የማይበዛበት ኮሪደር ነበረው። በሰቆጣ እንዲህ ያለ ነገር ስላልተለመደ ጎረቤቶቻችን «ጉሮሮ» ይሉታል። እናቴ አበዛሽ ይህን ጉሮሮ ከምንም ነገር አብልጣ ትወደው ነበር። ከደብረ ታቦር ተድራ ስትመጣ፣ «ዋግ ድንጋይ ነው፤ ምን ልትበዪ ትሄጃለሽ?» ያሏትን ዘመዶቿን አፍ ያስያዘችው በእሱ ነው። ለዚያ ዓመት ፋሲካ ግድግዳውን እስከ ወገቡ ሰማያዊ፣ ከወገቡ በላይ ነጭ አስቀብታው ነበር። እየዳሰስኩት ሳልፍ ካየችኝ ጆሮዬን ጠምዝዛ ታሳልፈኛለች።

አባቴ አቶ ይግዛው የዋግ ሰው ነው። ወገኖቹ እዚያው ዋግ ውስጥ፣ ዝቋላ በሚባል ቆላ ማሽላ የሚያርሱና ፍየል የሚያረቡ ናቸው፤ እሱ ግን ፊደል ቆጥሮ የመንግሥት ጸሐፊ ሆነ። እህቱ ጥሩአየሁ ከእኛው ጋር ትኖራለች። እናታቸው የሞተችው እሷ ገና ስትድህ ስለሆነ አባቴ ነው በጀርባው አዝሎ ያሳደጋት። እኔ እትዬ እላታለሁ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ፣ ተፈትና አልፋ፣ በመስከረም ደሴ ገብታ ነርስነት ልትማር ነበር። ቤቱ ውስጥ በፋሻ ተጠቅልሎ የማያውቅ እጅና እግር አልነበረም፤ ድመታችን ሳትቀር ምንም ሳትሆን ተጠቅልላለች።

በሚያዝያ ባላምባራስ አሻግሬ ላኩብን። ባላምባራስ የአባቴ አለቃ ናቸው። «የወንድሜ ልጅ አስማረ ጥሩአየሁን ለትዳር ፈልጓታልና ግንቦት ላይ ሽማግሌ ሆነን እንመጣለን» አሉ። አስማረን አውቀዋለሁ። ጠጉሩን ቅባት የሚቀባ፣ ፀሐይም ዝናብም በሌለበት ጃንጥላ ይዞ የሚሄድ፣ ገበያ መሀል ገበሬ ከነካው ቆሞ ኮቱን የሚያራግፍ ሰው ነበር። ስሙ በተነሳ ቁጥር እትዬ ቤቱ ውስጥ ውሃ ሞልቶ እያለ ውሃ ልትቀዳ ትወጣለች።

አባቴ መልእክቱን ሰምቶ፣ «እሺ፣ ይምጡ» ብቻ አለ። ባላምባራስን እምቢ ብሎ በዚያ መሥሪያ ቤት የሰነበተ ሰው እንዳልነበረ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው እትዬ ልትዳር መሆኗን፣ ደሴ መቅረቷን፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደግሞ እህል በአፏ አልዞር እንዳላት ብቻ ነበር። አባቴ ላይ ተናድጄ ነበር። እንዲህ የሚወዳትን እህቱን ለጃንጥላ አሳልፎ መስጠቱ አልገባኝም።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ከገበያ አፈርና ጭድ በአህያ አስጭኖ መጣ። እናቴ የማድቤቱን ግድግዳ ሊያስመርግላት መስሏት ደስ ብሏት ወጣች። እሱ ኮቱን አወለቀ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ፣ ከኮሪደሩ አፍ ላይ ጭቃውን በእግሩ ይረግጥ ጀመር።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለችው።

«ኮሪደሩን ላሳምረው።»

«ካሁኑ ወዲያ ምን ማማር አለው?»

አባቴ ከዓመት በፊት ኩላሊቱን ሊታከም አሥመራ ደርሶ መጥቷል። አሁን እዚያ ያየውን የፈረንጅ ሆቴል አነሳላት። ፈረንጆች ተራራ ላይ የሚኖሩ ወገኖች አሏቸው፤ ሠልጥነናል የሚሉት ሁሉ መተላለፊያቸውን የሚያስጌጡት በእነዚያ ሰዎች ቤት አምሳል ነው፤ ጭቃ፣ ጥሬ እንጨት፣ ቀንድና ቆዳ እንጂ ቀለም የሚባል ነገር አይታይም አላት።

«እነሱ ተራራ አምሯቸው እንዲህ ያደርጋሉ» አለ ጭቃውን እየረገጠ። «እኛ ተራራው ላይ ተቀምጠን ሰማያዊ እንቀባለን።»

«ፈረንጅ ነው ጭቃ የሚመርገው?»

«ያውም የወርቅ ሰዓቱን እንዳሰረ።»

ካደግሁ በኋላ አሥመራን የሚያውቁ ሰዎችን ሁሉ ጠይቄያለሁ። እንዲህ ያለ ሆቴል ያየ አንድም ሰው አላገኘሁም።

የመጀመሪያው እፍኝ ጭቃ ሰማያዊው ላይ ሲለጠፍ እናቴ ራሷን ይዛ ቁጭ አለች። «ከደብረ ታቦር የመጣሁት ግርግም ውስጥ ልኖር ነው?» አለች። አባቴ ዝም ብሎ መረገ። እትዬ ከማድቤት ወጥታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ከወንድሟ ጎን ቆማ ጭቃውን በመዳፏ ታስተካክል ገባች። በዚያ ሳምንት ደስ ብሏት ስትሠራ ያየኋት ይህን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ዕቃው ይጎርፍ ጀመር። ከዝቋላ ዘመዶቻችን ቀንበር መጣ፣ ሞፈር መጣ፣ ጅራፍ መጣ። አባቴ ያልተላጠ የወይራ ችካል ግድግዳው ላይ እየተከለ ሁሉንም በየተራ ሰቀላቸው። የቀንበሩ የቆዳ ጠፍር ደርቆ ስለነበር እትዬ ቅቤ እየቀባች እስኪለሰልስ አሸችው። የኮት መስቀያው ተነቅሎ የፍየል ቀንድ ተተካ። ወለሉ ላይ የተነጠፈው ቆዳ በደንብ ስላልደረቀ ከበሩ ሲገቡ ፍየሉ ራሱ ከውስጥ ያለ ያህል ይሸት ነበር። ከጣሪያው ላይ አሮጌ የንብ ቀፎ ተንጠለጠለ፤ ረጅም ሰው ጎንበስ ካላለ አያልፍም። መጨረሻ ላይ አባቴ የፍየል ቃጭል ከውጭው በር ጀርባ አሰረ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ያቃጭላል። እናቴ የገዛ ቤቷ ስትገባ ባቃጨለባት ቁጥር ቆማ በሩን ትረግማለች።

አባቴና እትዬ ሲሠሩ የሚያወሩት በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ ነበር። እናቴ ኽምጣኛ አትሰማም። እኔ ደግሞ ከጎረቤት ልጆች የቀሰምኩት ለሰላምታ፣ ለጠብና ለምግብ የሚሆነውን ብቻ ነው። ሁለቱ ዝቅ ባለ ድምፅ ይነጋገራሉ፤ አባቴ ወደ በሩ ያመለክታል፤ እትዬ ቀፎውን ትንሽ ዝቅ ታደርገዋለች፤ ሁለቱም ይስቁና እናቴ ስትመጣ ኮስተር ይላሉ። ስንት በሬ እንደሚያስፈልገን እየተማከሩ ነው ብዬ ነበር።

እኔ እንግዲህ ነገሩን ገጣጥሜ ጨርሻለሁ። ዝቋላ የአጎታችንን ቤት አይቻለሁ። ጭቃው እንዲህ ነው፣ ቀንበሩ እንዲህ ነው፣ ሽታውም ይኸው ነው። ሀብታም ቤት ቀለም አለው፤ ቀለሙ ተሸፍኖ ቀንበር ከገባ ሰውየው ወደ እርሻው እየተመለሰ ነው ማለት ነው። እናቴ በየጓዳው ስታለቅስ እሰማለሁ፤ ሴት ልጅ ባሏ ሲደኸይ ታለቅሳለች። አባቴ የሚስቀው እኛን ለማጽናናት ነው። እንዲህ ሳስብ ንዴቴ ሁሉ ጠፍቶ አንጀቴን በላኝ፤ እኔም የበኩሌን ላደርግ ተነሳሁ። ጫማዬን ለጎረቤታችን ልጅ ለይመኙሻል ሰጠኋት፤ ለእርሻ አያስፈልገኝም። እግሬ እንዲጠነክር ብዬ በጓሯችን ጠጠር ላይ ወዲያና ወዲህ ስመላለስ ዋልኩ። በማግስቱ የይመኙሻል እናት ጫማውን ይዛ መጣችና ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር አይታ፣ እናቴን አቅፋ፣ «እግዚአብሔር ያውቃል እህቴ» ብላት ሄደች። እናቴ ነገሩ ስላልገባት ጫማውን ይዛ ቆማ ቀረች።

እትዬን የጠየቅኋት በዚያ ቀን ነው። ጠፍሩን እያሸች ነበር።

«እትዬ፣ ደኸየን አይደል?»

እጇ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። አይቼ ነው። ልናርስ ነው አይደል?»

ቀና ብላ አየችኝ። ከንፈሯን የነከሰችው እንባ ሊቀድማት ስለሆነ መስሎኝ ነበር።

«ለሰው ተናገርሽ?»

«ለይመኙሻል ብቻ።»

«ጎበዝ። ሰው ካልጠየቀሽ ለማንም እንዳትናገሪ።» ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

«በሬውን ማን ነው የሚነዳው?» አልኳት።

«እኔን የሚያገባኝ ሰው ነዋ» አለች ጠፍሩን እየጎተተች። «ሌላ ወንድ የት አለን?»

ዛሬ ይህን ንግግር መለስ ብዬ ሳስበው አንድም ውሸት አላገኝበትም። አልደኸየንም ግን አላለችኝም።

ግንቦት ላይ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ መጡ። ባላምባራስ አሻግሬ ከፊት፣ ከኋላቸው ከጋዝጊብላ ገጠር ለዚሁ ጉዳይ የወረዱት ዘመዳቸው አቶ ደጅይጥኑ፣ ከእሳቸው ኋላ አንድ ቄስ። በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ቃጭሉ ሲያቃጭል ባላምባራስ ፍየል ተከትሏቸው የገባ መስሏቸው ዞር አሉ። ዞር እንዳሉ ግንባራቸው ከቀፎው ጋር ተላተመ። የዓመታት አቧራና የደረቀ ሰም ነጭ ባርኔጣቸው ላይ ወረደ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቀፎ ነው» አልኳቸው።

አቶ ደጅይጥኑ ዓይናቸው ጨለማውን ሲለምደው ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ሞፈሩን አዩ፣ ጅራፉን አዩ፣ የቀንበሩን ጠፍር በጣታቸው ነኩና ጣታቸውን አሸተቱ።

«ቅቤ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ለዘንድሮ ክረምት ተሰናድቷል።»

በሽማግሌዎቹ አገር በጋዝጊብላ ወግ፣ አማች የሆነ ሰው በመጀመሪያው ክረምት በሬ ጠምዶ መጥቶ የሚስቱን ወገን መሬት ያርሳል። ሽማግሌ በሚመጣበት ቀን የእርሻ ዕቃ ከጓዳ ወጥቶ ከደጃፍ እስከ ሳሎን ከተደረደረ፣ ያውም ጠፍሩ ለስልሶ፣ «ቀንበሩ እዚህ አለ፤ ጫንቃውን አምጡ» ማለት እንጂ ሌላ ፍቺ የለውም። ስለ ፈረንጅ ሆቴል የሚያስብ ሽማግሌ ከጋዝጊብላ አይወርድም። ባላምባራስም ተወልደው ያደጉት እዚያው ስለሆነ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።

ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ አባትሽ ይህን ሁሉ ምን ሊያደርገው ነው?»

አሁን ሰው ጠየቀኝ። «ልናርስበት ነው» አልኳቸው።

«ማን ነው የሚያርሰው?»

«ሁላችንም። ዝቋላ ልንሄድ ነው። በሬውን ግን እትዬን የሚያገባት ሰውዬ ነው የሚነዳው።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። አስማረን ከነጃንጥላው ከሞፈሩ ኋላ በሐሳባቸው ለማቆም ሲሞክሩ ዛሬም ይታየኛል።

«የመንግሥት ሥራውስ?»

«እንጃ» አልኩ። «ደኸየን እኮ።»

በዚህ መሀል እናቴ ከሳሎን ብቅ አለች። በእንግዳ ፊት ያ ሁሉ ጭቃና ሽታ አሳፍሯት ፊቷ ጠቁሯል።

«ይግቡ እንግዲህ» አለቻቸው። «ያለን ይኸው ነው። ሌላ አሳምረን የምናሳያችሁ ነገር የለንም።»

ቄሱ በረጅሙ ተነፈሱ።

ሳሎን ገቡ። አባቴ ብድግ ብሎ እጅ ነሳና፣ «ይቀመጡ ጌታዬ» አለ። ሽማግሌ ምን እንደሚመልስ እኔም አውቃለሁ፤ ሰፈራችን ውስጥ እየተጫወትን የምንለው ነው። የመጣንበትን ሳታደርሱልን አንቀመጥም ብሎ ቆሞ ይለምናል፤ እሺ ከተባለ በኋላ ነው የሚቀመጠው። በሩ ላይ ባለው መጋረጃ ጀርባ የእትዬ ጣቶች ይታዩኛል፤ መጋረጃውን ጨምድደው ይዘውታል።

ባላምባራስ ወንበሩን በራሳቸው እጅ ሳቡና ዘፍ አሉ።

አቶ ደጅይጥኑም ተቀመጡ። ቄሱም ተቀመጡ። የእትዬ ጣቶች መጋረጃውን ለቀቁት።

«ዝናቡ ዘንድሮ እንዴት ይሆን ትላለህ ይግዛው?» አሉ ባላምባራስ ባርኔጣቸውን እያራገፉ።

«እግዚአብሔር ያውቃል። ለመሆኑ ጌታዬ፣ ያ የላኩበት ጉዳይ...»

«የቱ? እ... የአስማረ ነገር ነው? አይ፣ እሱ ገና ልጅ ነው። ጥቂት ይብሰል ብለን ነው። ዛሬ እንዲያው ለጥየቃ ነው የመጣነው።»

አስማረ ያን ጊዜ ቅባቱን የሚቀባው የቀረችውን ጠጉር መላጣው ላይ ለማስተኛት ነበር። አባቴ ራሱን ዝቅ አደረገ። «ያሳዝናል» አለ። «እኛማ ተዘጋጅተን ነበር።»

«አይተናል» አሉ አቶ ደጅይጥኑ።

የቀረበላቸውን ጠላ ቸኮል ብለው ጠጥተው ተነሱ። ባላምባራስ ቀፎውን ጎንበስ ብለው ካለፉ በኋላ የአባቴን ክንድ ያዙት። አባቴ በአለቃው አጠገብ እንዲህ ትንሽ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«ስማኝ ይግዛው፣ ሥራህን እንዳትለቅ» አሉት። «እርሻን እኔ አውቀዋለሁ፤ ሸሽቼው ነው እዚህ የደረስኩት። ችግር ካለ ንገረኝ እንጂ ሥራህን አትተው። ልጅም አለችህ።»

«እንዳሉ ጌታዬ። እርስዎ ካሉማ አልሄድም።»

በሩ አቃጨለና ተዘጋ። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ወደ መሬት ተንሸራተተ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እትዬ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥታ አጠገቡ ወደቀች፤ እሷም ትንቀጠቀጣለች። የመጣው አማች እንኳ ጥሎን ሄደ ብለው የሚያለቅሱ መሰለኝ። ሄጄ የአባቴን ራስ አቀፍኩት።

«አይዞህ አባባ» አልኩት። «እኔ በሬውን እነዳለሁ።»

አባቴ እጁን ከፊቱ ላይ ሲያነሳ እንባው ይወርዳል፤ ግን የሚያለቅስ ሰው እንዲህ አይጮህም። እናቴ ድምፁን ሰምታ እየሮጠች መጣች። ሁለቱ ሳቅ እየቆራረጣቸው፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው እየጨረሰ፣ ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ ነገሯት። እምቢ ሳይሉ እምቢ የሚሉበት ሌላ መንገድ እንዳላገኙ፣ ባላምባራስ ራሳቸው እንዲተዉት ማድረግ እንደነበረባቸው፣ ኮሪደሩ ለዚያ እንደነበር። እኔ ግማሹ ገባኝ፣ ግማሹ አልገባኝም። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው።

«ለእኔስ ብትነግሩኝ ምን ነበር?» አለች። «ይህን ሁሉ ጊዜ ስቃጠል ዝም ብላችሁ ታዩኛላችሁ?»

«ብንነግርሽማ ማን ይቆጣልን ነበር?» አላት አባቴ።

እናቴ ጅራፉን ከችካሉ ላይ አነሳች። አባቴ ብድግ ብሎ ወደ ጓሮ ሮጠ፤ መሥሪያ ቤት የሚሄድበት ሱሪ እንደለበሰ የዶሮዎቹን አጥር ሲዘል አይቻለሁ። ጭቃውን ሁሉ ብቻውን ፍቆ፣ ግድግዳውን ብቻውን አጥቦ፣ ሰማያዊውን ብቻውን እስኪቀባ ድረስ አላናገረችውም። ማድቤት ውስጥ ግን ብቻዋን ሆና፣ «ያለን ይኸው ነው» እያለች የገዛ ድምፅዋን እየደገመች ስትስቅ ሰምቻታለሁ። የእትዬን የመንገድ ቀሚስ የሰፋችውም እሷ ናት።

መስቀል ካለፈ በኋላ እትዬ ሄደች። እስከ ኮረም በበቅሎ ነው፣ ከዚያ ወዲያ መኪና ይገኛል። አባቴ ለሸኚነት አብሯት ወረደ። ከዚያ በኋላ ነርስ ሆነች፤ በብዙ አገር ሠራች፤ አግብታም ወለደች፤ እኛ ቤት ግን ከእንግድነት በቀር ተመልሳ አልኖረችም። ይህን ያን ጊዜ የሚያውቅ አልነበረም። አባቴ ብቻ የሚያውቅ ይመስለኛል።

ከኮረም ሲመለስ በሩን ከፍቶ ገባ፤ ሳሎን ሳይደርስ ኮሪደሩ መሀል መሬት ላይ ተቀመጠ። ጫማው ጭቃ ነው። ጀርባውን አዲሱ ሰማያዊ ቀለም ላይ አሳርፏል። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። ነገሩ አሁንም ሙሉ በሙሉ ስላልጠራልኝ ከራሱ አፍ መስማት ፈለግሁ።

«አባባ፣ አልደኸየንም አይደል?»

ወደ ራሱ ስቦ ጭኑ ላይ አስቀመጠኝ። የበቅሎ ላብ ይሸታል።

«ያን ጊዜ አልደኸየንም ነበር ልጄ» አለኝ። «ዛሬ ነው የደኸየነው።»

እናቴ ከሳሎኑ በር ላይ ቆማ ታየን ነበር። የጫማውን ጭቃ አይታለች፤ ቀለሙ ላይ መደገፉንም አይታለች። መጥታ ከጎኑ መሬት ላይ ተቀመጠችና እሷም ግድግዳውን ተደገፈች።